አርባ ስምንት ቅዳሜ

«ለሱም አንድ ቅዱለት እንጂ፤ ይወደው አልነበር?» አለ ከዳሱ ጥግ የተቀመጠ አንድ ጎረቤት፣ ባዶ መለኪያውን ወደ ገብረ መድህን እየዘረጋ።

ሁለት ሦስት ሰዎች አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ለቅሶ ቤት ይሳቃል፤ ይኼ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሰው አልፎ አልፎ ካልሳቀ ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ ተቀምጦ መዋል አይችልም። ግን ገብረ መድህን የሟቹ ታላቅ ወንድም ነው፤ ቢያንስ ቢያንስ «ተው አንተ ሰው» ማለት ይገባው ነበር። አላለም። ጠርሙሱን አንሥቶ የጎረቤቱን መለኪያ ሞላና «ምን ታደርገዋለህ፤ ይኸው መጠጥ ነው የበላው» አለ።

ብርቄ ከሴቶቹ መሀል ተነሣች። የሟቹ የመርሻ ሚስት ናት። ከረቡዕ ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም፤ የቧጨረችው ጉንጯ ላይ ደሙ ደርቋል። በሰው እግር መሀል እየተራመደች መጥታ ጠርሙሱን ከገብረ መድህን እጅ ወሰደችው፤ ይህን ታደርጋለች ብሎ ያሰበ ስላልነበረ የያዛትም የለም። ደጃፉ ላይ ቆመችና ጠርሙሱን ዘቀዘቀችው። አረቄው እየተንደቀደቀ እስኪያልቅ ድረስ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

«ምን ነካሽ አንቺ?» አለ ገብረ መድህን።

«ምንም አልነካኝ ጋሼ። የጠጡት ይበቃል። ከእንግዲህ በዚህ ቤት አረቄ መቅዳት የፈለገ ሰው መጀመሪያ እኔን ቀብሮ ይቅዳ።»

«ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጥቶ ነው» አለች አንዷ ሴት፤ ሌሎቹም እጇን ይዘው አስቀመጧት። ሐዘን አልነበረም። ንዴት ነበር። ብርቄ ሁለቱን ለይታ ታውቃቸዋለች፤ ከመርሻ ጋር በኖረችባቸው ሃያ ሁለት ዓመታት ሁለቱንም በየተራ ጠግባቸዋለች።

የሆነው ነገር አጭር ነው። መርሻ ቆርቆሮ መቺ ነበር። ሳጉሬ ላይ ባላምባራስ ወልደአማኑኤል የሚባሉ ባለርስት አዲስ ቤት ሲያሠሩ ጣሪያውን እንዲመታላቸው ወስደውት፣ ሳምንቱን እዚያው እያደረ ይሠራ ነበር። ረቡዕ፣ ታኅሣሥ ሃያ፣ ከገብርኤል ማግስት፣ ከጣሪያው ላይ ወደቀ። እህል በጫነ ካሚዮን ላይ አስተኝተው አሰላ ሕክምና ሊያደርሱት ሲገሰግሱ መንገድ ላይ አለፈ። ቤቱ ደጃፍ አውርደው ብርድ ልብሱን ሲገልጡት አረቄ ሸተተ። ከጢሙ፣ ከኮሌታው፣ ከደረቱ አረቄ ሸተተ። ሬሳ ሊያወርድ የመጣው ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። «ከገብርኤል ማግስት» አለ አንዱ፤ ቀሪውን ከተማው ራሱ ጨረሰው። እስኪቀበር ድረስ እንኳ አልጠበቁትም።

ከሁሉ የከፋው ግን ይኼ አልነበረም። ከሁሉ የከፋው ለብርቄም መሽተቱ ነው። ፊቱን ልትስም ጎንበስ ስትል ያ ለሃያ ዓመት ያስለቀሳት ሽታ አፍንጫዋን መታት፤ ገና እሪ ሳትል፣ ገና ሳታለቅስ፣ «አታለልከኝ?» ብላዋለች። ለሬሳ። ይህን ማንም አልሰማም። እሷ ግን ሰምታዋለች፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ በመርሻ ላይ በተናገረ ቁጥር የራሷን ድምፅ ስለምትሰማ ንዴቷ እጥፍ ይሆንባታል።

ምክንያቱም መርሻ ከጠጣ ዓመት ሊሞላው ነበር።

ጠጪ ነበር፤ እሱን ብርቄም አትክድም። እሱ የመታው ጣሪያ ዝናብ አያስገባም ይባልለታል፤ ራሱ ግን ስንቱን ክረምት ቦይ ውስጥ አድሯል። እየደገፈች አምጥታዋለች፤ እየጎተተች አምጥታዋለች፤ አንዳንዴም ይደር ብላ ትታዋለች። ጠበል ወስዳዋለች። በታቦት አስምላዋለች፤ መሐላው ከማርያም እስከ ማርያም ቆይቶ አያውቅም። ለንስሐ አባቱ «አባቴ፣ ዛሬ የመጨረሻዬ ነው» ይላል፤ ሲለውም ከልቡ ነበር፤ ሰውየው ውሸታም አልነበረም። ይኼ ነበር የሚያበሳጨው።

ያለፈው ዓመት ጥር አሥራ ሁለት፣ በቃና ዘገሊላ፣ አንድ ልጃቸውን አፀደን ዳሩ። ሚዜው፣ ሽማግሌው፣ ከጎበሳ የመጣው የሙሽራው ወገን ሁሉ ዳስ ውስጥ ተሰይሟል። መርሻ ከጠዋት ጀምሮ ሲጎነጭ ውሏል። «የሙሽራዋ አባት ይነሣ» ሲባል ተነሣ፤ ጉልበቱ ከዳው፤ እንዳይወድቅ የዳሱን ምሰሶ ያዘና ምሰሶውን ከነዳሱ በሙሽራው አያት ላይ ይዞት ወረደ። ከቅጠሉ ሥር ሆኖም ይስቅ ነበር። አፀደ ቅጠል ከቬሏ ላይ እየለቀመች፣ ለእናቷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ከዛሬ ጀምሮ አባት የለኝም» አለች። በቅሎ ላይ ወጥታ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ለለቅሶ እስክትመጣ ድረስ አሰላን አልረገጠችም።

ከሠርጉ ማግስት ግን መርሻ ነቅቶ፣ ታጥቦ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ብዙ ተቀመጠ። መሐላ አልማለም። ጠበልም አላነሣም። የዚያን ቅዳሜ ከገበያ በኋላ አምሽቶ መጣ፤ ብርቄ ጠጋ ብላ አሸተተችው፤ ምንም የለም። በሚቀጥለው ቅዳሜም እንደዚያው። ወር ሆነ። ሁለት ወር ሆነ። የሚያሳብደው ነገር የት እንደሚሄድ አለመናገሩ ነው። ሲመጣ ጋቢው ላይ ብጥስጣሽ ክር፣ ጥቁርም ቀይም፣ ተለጥፎበት ይመጣል። ብርቄ አንድ ቀን ክሩን ለቅማ መዳፏ ላይ ይዛ ፊቱ ቆመች።

«ማናት?» አለችው።

መርሻ ክሩን አየና ሳቀ። «ሰባት ወንዶች ነን፤ አንዳችንም አናምርም።»

«ቀልዱን ተወው።»

«ቀልድ አይደለም ብርቄ። እንደኔ ያሉ ሰዎች ናቸው። እንቀመጣለን፤ እናወራለን፤ ቅዳሜያችንን ቆጥረን እንለያያለን። የት እንደሆነ፣ እነማን እንደሆኑ አልነግርሽም፤ ተማምለናል። እነሱም የኔን ለሚስቶቻቸው አይናገሩም።»

«ጎበሳስ? ልጅህን አታያትም?»

«ዓመት ሳይሞላኝ ፊቷን አላይም። ስንቴ ዓይኗ እያየ ምዬ ከዳኋት። አሁን ይዤላት የምሄደው መሐላ አይደለም፤ ዓመት ነው።»

ጥር አሥራ ሁለትን ይጠብቅ ነበር። ብርቄም አብራው ትጠብቅ ነበር።

አፀደ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከባሏ ጋር ደረሰች። የሰፈሩ ሴት ሁሉ እንደ ደንቡ ሹሩባዋን ፈትታ፣ ከበር ጀምራ «አባቴን» እያለች ትገባለች ብሎ ነጠላውን አደግድጎ ጠበቃት። አላለችም። ከበቅሎዋ ወርዳ፣ ሹሩባዋን እንደተሠራች ዝም ብላ ገብታ፣ እናቷን ስማ ተቀመጠች። ሴቶቹ ብቻቸውን ትንሽ አለቀሱና ነገሩ ስላልጣማቸው ዝም አሉ። ብርቄ ልጇን ልትቆጣት ፈለገች፤ አፏ ግን እምቢ አላት፤ ያ ዳስ ሲወድቅ እሷም ነበረችና።

ቅዳሜ ሰልስቱ ወጣ። ካህናቱ ጸልየው፣ ንፍሮው ተቀምሶ፣ ሰው ጋብ ሲል አፀደ እናቷን ወደ ጓዳ ጠራቻት።

«እማዬ፣ ነገ ጠዋት እንሄዳለን።»

«ሰባቱ ሳይወጣ?»

«ምን ልጠብቅ? ያንቺን ሐዘን ብዬ ነው የመጣሁት። እሱ እንደሆነ እንደኖረው ሞተ።»

«አልጠጣም ነበር ልጄ። ካንቺ ሠርግ ወዲህ በአፉ አልዞረም። ላንቺ ብሎ ነው።»

አፀደ እናቷን አየቻት፤ አስተያየቷ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ ለሕመምተኛ እንደማዘን ያለ ነበር። «አጎቴ ነግሮኛል። ሽታው ሳይለቀው ነው የቀበርነው ብሎኛል። አንቺስ አልሸተተሽም?»

ብርቄ የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ወሰደች።

«ረቡዕ ዕለት በዓይንሽ አይተሽዋል?»

አላየችም። ሳጉሬና አሰላ የትና የት። ዓመት ሙሉ ስትመሰክርለት የነበረ ሰው በመጨረሻው ቀን ምስክር አጣ፤ ምስክር ልትሆንለት የሚገባት ሚስቱም «አታለልከኝ?» ብላ ጀመረች። ብርቄ በዚያች ጓዳ ውስጥ በሁሉም ላይ ተናደደች፤ በገብረ መድህን፣ በሟቹ፣ በራሷ፣ ከሁሉም በላይ ግን በነዚያ በማታውቃቸው ስድስት ወንዶች ላይ። ዓመት ሙሉ ባሏን እያመሹ ሲልኩት፣ ምስጢራቸውን ሲያስጠብቁት ኖረው፣ ሲሞት የት ገቡ? አንዳቸው መጥተው «እኛ እናውቀዋለን» ይላሉ ብላ ሦስት ቀን በር በሩን ስታይ ነው የከረመችው።

ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ተነሥታ በጓሮ በር ወጣች።

ባሏን ቀብራ ሰባት ቀን ያልሞላት ሴት ገበያ አትወጣም። ይህን ለማንም መንገር አያስፈልግም። ጎረቤቷ በአጥር ስታያት «ወዴት ነው?» አለቻት፤ «ገበያ» አለች ብርቄ፤ ሴትዮዋ ውሃ የያዘ እንስራዋን ይዛ ደርቃ ቀረች። የቅዳሜ ገበያ በመከር ወራት ሰው በሰው ላይ ነው፤ ገብስ የጫነ አህያ፣ በግ፣ ጨው፣ የሳሙና ነጋዴ። ሰው ግን ያን ጥቁር ልብስና የተቧጨረ ፊት ሲያይ መንገድ ይለቅላታል። «የዚያ የሰካራሙ ሚስት አይደለችም?» ሲል የሰማችውን ሰው ዞራ አየችው። ሰውየው በግ ወደ መጎተቱ ተመለሰ።

የምትፈልገውን ታውቅ ነበር፤ ክር ነው። ክር ካለ ልብስ ሰፊ አለ። አሰላ ገበያ ውስጥ አራት ልብስ ሰፊዎች በተርታ አሉ። ሦስቱ መኪናቸውን በእግራቸው እየረገጡ ላብ በላብ ሆነዋል፤ ገጠሬው ሁሉ ለገና ያሰፋል፤ ቀኑ የእነሱ ቀን ነው። አራተኛው ሱቅ ግን ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ተዘግቷል። የየትኛው ልብስ ሰፊ ሱቅ ነው በገበያ ቀን፣ ያውም በገና ሰሞን የሚዘጋው? ብርቄ ቆማ በሩን አየችው። ዓመት ሙሉ ባሏ የት እንደሚያመሽ ስታሰላስል ስትኖር፣ የጎደላት ቅዳሜ ወደዚህ መጥታ የተዘጋ በር መቁጠር ብቻ ነበር።

ሱቁ የከሊፋ ነው። ከሊፋ ጸጥ ያለ ሰው ነው፤ ኮርያ ዘምቶ የተመለሰ፣ ለወታደሩ ልብስ ይሰፋ የነበረ፣ አምስት ወቅት ሰጋጅ እስላም። ብርቄ በጓሮ ዞራ የመኖሪያውን በር አንኳኳች። ሚስቱ ኢፍቱ በትንሹ ከፈተችው። ጥቁሩን ልብስ ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«የመርሻ ሚስት ነሽ» አለች። «ሳትመጪ አትቀሪም ብዬው ነበር።» በሩን ለቀቀችላት።

ጓዳው ውስጥ ስድስት ወንዶች በጣቃ ጨርቅና በሳጥን ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። በየእጃቸው ሆጃ ይዘዋል፤ ያ የአርሲ እስላም የሚያፈላው፣ የቡና ገለፈት በወተት። አንድ ሳጥን ባዶውን ነበር። ብርቄ ስትገባ አንደኛው ሰውዬ «ሰባ ሁለት» ብለው ገና ቃሉን መጨረሳቸው ነው። እሳቸውን ታውቃቸዋለች፤ ባላምባራስ ወልደአማኑኤል ናቸው፤ ባሏ የወደቀበት ቤት ጌታ።

ከሊፋ ተነሣ።

«አዴ ብርቄ፣ አላህ ያጽናሽ» አለ። «ግቢ፣ ተቀመጪ።»

«ለመቀመጥ አልመጣሁም። ተቀምጬ ነው የከረምኩት። ከሐሙስ ጀምሮ ሰው ሲመጣ ሲሄድ፣ ከናንተ አንዳችሁም «እኛ እናውቀዋለን» ሲል አልሰማሁም።»

«ቀብሩ ላይ ነበርን፤ ሁላችንም። ተራርቀን ቆመን።»

«ተራርቃችሁ።»

«አንድ ላይ ብንታይ ሰው ይጠይቃል። እነዚህ ምን ያገናኛቸዋል ይላል።» ከሊፋ ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ። «ደንባችን ነው። እዚህ የተባለ ነገር፣ እዚህ የታየ ሰው ስም ከዚህ አይወጣም። እኔን እይኝ፤ እስላም ነኝ። የጃፓን ሆስፒታል ተኝቼ አሜሪካኖች ጠጪዎቻቸውን እንዲህ ክብ አድርገው ሲያስቀምጡ ባላይ እኔም ዛሬ መሬት ውስጥ ነበርኩ። ጠጪ ነበርኩ ብል ግን እዚህ ገበያ ማን ልብስ ያሰፋኛል? ባልሽም ለሠርግ የለበሰው ኮት በዳሱ ሚስማር ተቀድዶበት ሊያሰፋ ሲመጣ ነው ያገኘሁት። ኮቱን ሰፍቼ ቅዳሜ ና አልኩት። ሌላ ምንም አላልኩትም።»

«እሱን ተወው። አንድ ነገር ጠይቄ ልሂድ። ባሌ ጠጥቶ ነበር ወይ?»

«ባለፈው ቅዳሜ እዚያች ሳጥን ላይ ተቀምጦ አርባ ስምንት ብሏል። ረቡዕን እኛ አላየንም።»

«ያየ አለ» አለች ብርቄ። ወደ ባላምባራስ ዞረች። «እርስዎ ነበሩ። ሐሙስ ዕለት ዳሴ ውስጥ ከጋሼ ገብረ መድህን ጎን ተቀምጠው ነበር። ‹መጠጥ ነው የጣለው› ሲል አጠገቡ ነበሩ። መሬት መሬት ሲያዩ አይቼዎታለሁ። ይንገሩኝ፤ ጠጥቶ ነበር?»

ባላምባራስ ረጅም፣ ጢማቸው የሸበተ፣ ሰው ሲያያቸው የሚነሣላቸው ሰው ናቸው። አሁን ግን ሆጃውን መሬት ላይ አስቀመጡት።

«አልጠጣም» አሉ።

«ታዲያ ያ ሽታ ከየት መጣ?»

«ከኔ ነው።»

ከሊፋ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ገብርኤል ዕለት ማኅበር ነበረብኝ» አሉ ባላምባራስ። «አንድ ብቻ ብዬ ጀመርኩ። በማግስቱ ጠርሙስ ኮቴ ውስጥ ይዤ ነው ሠራተኛ ላይ የቆምኩት። መርገጫው ባሕር ዛፍ ተሰበረና ወደቀ። ውሃ ውሃ ይላል ሰው፤ ውሃ የለም፤ ወንዙ ሩቅ ነው። እኔ ደግሞ አረቄ በብብቴ ነበረ። የወደቀ ሰው ሲነቃ የማውቀው በዚያ ነው፤ አባቶቻችንም በዚያ ነው የሚያነቁት። ቁስሉ ላይ፣ ፊቱ ላይ፣ ደረቱ ላይ ደፋሁት። እንዲነቃ ብዬ ነው። ክፋት የለኝም።»

«አሁን ሰባ ሁለት ሲሉ ነበር፣ ባላምባራስ» አለ ከሊፋ።

«ውሸት ነው።»

ብርቄ እፎይ ማለት ይገባት ነበር፤ ባሏ አልከዳትም። ግን እፎይታው አልመጣም፤ የመጣው ቁጣ ነበር፤ ያ ሁሉ ሦስት ቀን የታመቀ።

«እሱ ሃያ ዓመት ጠጥቶ ዓመት ታገለ» አለች። «ሲታገል ያየነው እኔና እናንተ ብቻ ነን። ስንት ጊዜ ከንፈሩ ደርቆ ውሃ ሲጋት አድሯል። ከሠራተኞች ጋር በልቶ ብቻውን ጥግ ይቀመጣል፤ ‹ኮራ› ይሉታል። ይህን ሁሉ ችሎ፣ ሲሞት የእርስዎን አረቄ ለብሶ ተቀበረ። ሰው ሁሉ ሲስቅበት እርስዎ ተቀምጠው ሰሙ። እናንተም ተራርቃችሁ ቆማችሁ። ደንብ አላችሁ፤ ጥሩ። ደንባችሁ ለቁም ሰው ነው። እሱ ምን የሚደበቅ ነገር ቀረው?»

«ምን እናድርግ ትያለሽ?» አለ አንደኛው፣ ከግድግዳው ሥር።

«ልጄ ነገ ጠዋት ወደ ጎበሳ ትሄዳለች። አባቷን እንደ ሰካራም ይዛው ትሄዳለች፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አያስጥላትም። የናንተን ስም በየትም አልጠራም፤ አትፍሩ። እናንተ ግን የሱን ስም ጥሩ።» ወደ በሩ ስትደርስ ዞር አለች። «ካልመጣችሁም እግዜር ይይላችሁ ብዬ አልራገምም። ብቻ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ስትቆጥሩ የሱን አርባ ስምንትም አብራችሁ ቁጠሩ፤ ባዶውን የሚቀረው የሱ ሳጥን ነው።»

እሑድ ጠዋት ሰዉ ከቅዳሴ ወጥቶ ዳሱ ሞላ። ገብረ መድህን ከብርቄ ጋር አልተነጋገረም፤ ገበያ መውጣቷን ከሰው ሰምቷል። «አዋረድሽን» ብሎ አንዴ ተናግሮ ጨርሷል። የአፀደ ባል ሁለቱን በቅሎ ጭኖ ደጅ ቆሟል። አፀደ እናቷን ለመሰናበት ጎንበስ ስትል ብርቄ እጇን ያዘቻት። «ትንሽ ቆዪ» አለቻት፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገረቻትም፤ ይመጣሉ ብላ እርግጠኛ አልነበረችም። ፀሐይዋ ከፍ አለች። የአፀደ ባል በር ላይ ብቅ ብሎ አየና ተመለሰ። አፀደ እጇን ቀስ አድርጋ ለማላቀቅ ሞከረች።

ከሊፋ ቀድሞ ገባ። ከኋላው አራት ሰዎች ተከተሉት፤ አንድ ላይ፣ ተጠጋግተው። አናጢ፣ የጨው ነጋዴ፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ የሚዛን ቤት ዘበኛ፤ አብረው ሊታዩ የማይገባቸው ሰዎች ናቸውና ዳሱ ሁሉ ቀና አለ። ባላምባራስ አልነበሩም። ብርቄ ቆጠረቻቸው፤ ደግማ ቆጠረቻቸው።

ከሊፋ አልተቀመጠም። እሱ እስላም ነው፤ ቤቱ የክርስቲያን ለቅሶ ቤት ነው። «አፀደ የምትባል ማን ናት?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለች አፀደ።

«እኔ ከሊፋ እባላለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ጠጪ ነኝ። ካቆምኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። እነዚህም እንደኔ ናቸው። አባትሽ አርባ ስምንት ቅዳሜ ከኛ ጋር ተቀምጧል፤ አንድ ቅዳሜ አልጎደለም። በዚህ ሁሉ ቅዳሜ ስለ ጠላውም ስለ አረቄውም እኛ ስናወራ፣ እሱ የሚያወራው አንድ ነገር ነበር፤ የሠርጉ ቀን ሳይመርቅሽ መሄድሽን። ምን ብዬ ልመርቃት ይላል። ይለማመዳል። ይሳሳታል፤ ደግሞ ይጀምራል። ወላሂ፣ እስላሞቹም ጭምር በቃላችን ያዝነው።»

ገብረ መድህን «ኧረ ምን ዓይነት ነገር ነው ይኼ» ብሎ ሊነሣ ሲል፣ ከበሩ ሌላ ሰው ገባ። ዳሱ በሙሉ ብድግ አለ፤ ለባላምባራስ ወልደአማኑኤል ይነሣሉ፤ ልማድ ነው። እሳቸው ግን «ተቀመጡ» አላሉም፤ ወደ ላይኛውም መቀመጫ አልሄዱም። አፀደ ፊት መጥተው ቆሙ።

«አረቄው የኔ ነው» አሉ፤ ሁሉም እንዲሰማ አድርገው። «በኮቴ ይዤው ነበር። ሲወድቅ ፊቱ ላይ የደፋሁት እኔ ነኝ። ሐሙስ ዕለት እዚህ ተቀምጬ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። ለናትሽ ትናንት ያልነገርኳት አንድ ነገር ቀርቷል። ከንፈሩ ላይ ላንጠባጥብለት ጠርሙሱን አስጠጋሁት። ዓይኑን ገልጦ ነበር። ሸተተውና ጥርሱን ገጠመ። ፊቱንም ወዲያ አዞረ። ሁለቴ ሞከርኩ፤ ሁለቴ አዞረ። እየሞተ እምቢ አለኝ፣ ልጄ። አንዲት ጠብታ አልገባችም።»

ገብረ መድህን እንደቆመ ቀረ። በመዳፉ ፊቱን ሸፍኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድሙን አለቀሰ። ዓርብ ዕለት «ለሱም አንድ ቅዱለት» ያለው ጎረቤት ወደ መሬት አቀረቀረ። ብርቄ ማንንም አላየችም፤ ልጇን ብቻ ነበር የምታየው።

አፀደ ወደ እነከሊፋ ዞረች።

«ምርቃቱን በሉት» አለች።

ከሊፋ ወደ ጓደኞቹ ዞረና ጀመረ፤ እነሱም አብረውት አሉት፣ እንደ ተማሪ፣ አንዱ እየቀደመ፣ አንዱ እየዘገየ። «ሂጂ ልጄ። የገባሽበት ቤት ይሙቅልሽ። የወለድሽው ይደግልሽ። ባልሽ ሲገባ አትደንግጪ። እኔ ያስለቀስኩሽን ያህል እግዜር ያስቅሽ።» ሴቶቹ «አሜን» አሉ።

«ዓመት ሊሞላው ስንት ቀን ቀርቶት ነበር?» አለች አፀደ።

«ሃያ ሁለት» አለች ብርቄ።

አፀደ ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች። ብርቄ ዓይኗን ጨፈነች። ልጇ ከደጅ ለባሏ «አንተ ሂድ፤ ለአርባው ትመጣለህ» ስትለው ሰማች። ከዚያ ተመልሳ ገባች፤ ከመደቡ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ፣ ከእናቷ እግር ሥር ተቀመጠች። ሻሿን አወለቀች። የተሠራ ሹሩባዋን ከጆሮዋ በላይ ይዛ አንዱን ጎንጉን መፍታት ጀመረች፤ ጠብቆ ተጎንጉኖ ነበርና ቶሎ አልፈታ አላት። ብርቄ ጎንበስ ብላ በወዲያኛው በኩል ያለውን ያዘችና ፈታችላት።